አለቃ እዝነትን ይማራልን?

በ2016 ከቢቸና የመጣ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ወዳጄ ያጫወተኝን ልንገራችሁ። ሌሊቱን ተኩስ ሲሰማ አድሮ ጠዋት ቢሮ አርፍዶ ገባ። አለቃው ምን ሆነህ ነው ሳይለው በባልደረቦቹ ፊት ሰደበው። «ከተኩሱ ይልቅ ያ አመመኝ» አለኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ኃላፊዎች የሠራተኛን ጭንቀት ለይተው እንዲያደምጡ ይሠልጥኑ ይላል። በድብርትና በጭንቀት ሳቢያ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀናት እንደሚባክኑም ይገምታል። መልካም፤ ግን በሥልጠና የተገኘ እዝነት እዝነት ነውን? ወይስ ብዙ ለማሠራት የቀረበ ማባበያ?

እኔም እጠራጠር ነበር። ሆኖም አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) 10 ዓመት ሲያገለግሉ ለምን ይህን አደረግህ ተብለው እንዳልተወቀሱ ከመካከላችን ያልሰማ ማን ነው? ሰምተን ስናበቃ ሱቃችን ገብተን በረዳቱ ልጅ ላይ እንጮኻለን። የጎደለን ዕውቀት ሳይሆን ልማድ ነው። ልጅ ሶላትን የሚለምደው በመደጋገም አይደለምን? ልቡ በኋላ ይደርሳል።

እዚያው ምሥራቅ ጎጃም፣ ሞጣ ላይ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ተቃጠሉ። ስለ ባለሱቆቹ ኪሳራ ብዙ ተባለ፤ እኔም ብዬአለሁ። በእነዚያ ሱቆች ተቀጥሮ ይሠራ የነበረውን ልጅ ግን፣ ወደ ሥራ ሲመለስ እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ ያለው አሠሪ ስንት ነው?

የቢቸናውስ አለቃ? ያን ሌሊት እርሱም አልተኛ ይሆናል። እርሱንስ የጠየቀው ማን ነበር?