ከእናት ሳጥን የወጣ ቡሉኮ



የእኛ የጮሌ ብርድ የሚታወቅ ስለሆነ ጋቢ ወይም ቡሉኮ የሌለበት ቤት አይገኝም። እናት ስትሞት ከብቱ ይቆጠራል፣ መሬቱ ይለካል፤ በሳጥን ታጥፎ የተቀመጠውን ልብስ ግን ከውርስ የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነው። ቁርኣን ከማስቀራቸው ልጆች የአንዷ ታላቅ እህት ይህንን ልብስ አውጥታ፣ የእናቷን ያረጀ ቡሉኮ ቆራርጣ፣ የነጠላውን ጥለት ለጌጥ እየቀጠለች፣ በሲንጀር መኪና የትከሻ ቦርሳ መስፋት ጀመረች። ቦርሳዎቹ በእውነት ያምራሉ፤ ከአሰላ ሳይቀር ጠያቂ መጣላቸው። ታላቅ ወንድሟ ግን «የእናታችንን ገላ የነካ ልብስ ገበያ ታወጫለሽ?» ብሎ ተቆጣ። እርሷም እኔ ዘንድ መጥታ «ኡስታዝ፣ ብል ከሚበላው ብጠቀምበት ጥፋቴ ምንድን ነው?» አለችኝ።

መጀመሪያ ለእርሷ አደላሁ፤ አሁንም ቢሆን በዚህ በኩል ያልኩትን አልመልስም። በሂጅራ ጊዜ አስማእ ቢንት አቡበክር (ረ.ዐ.) ስንቁን የምታስርበት ብታጣ መቀነቷን ለሁለት ቀዳ አሰረችበት፤ «ባለ ሁለት መቀነቷ» የሚለው ስም የወጣላት በዚህ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሥዕል ያለበትን መጋረጃ በጠሉ ጊዜ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጨርቁን አልጣለችውም፤ ትራስ አደረገችው። በሌላ ጊዜም በሞተች በግ አጠገብ ሲያልፉ ቆዳዋን ለምን እንዳልተጠቀሙበት ጠይቀዋል፤ የተከለከለው መብላቷ ነበርና። የሚያገለግል ነገር መጣል በዲናችን ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ከቤት አልፏል። አንድ የጥጥ ካናቴራ ጥጡ ከሚበቅልበት ጊዜ ጀምሮ እስኪያልቅ 2,700 ሊትር ያህል ውሃ እንደሚፈጅ ባለሙያዎች ይገምታሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ውዱእ ያደርጉ የነበረው ደግሞ በአንድ ሙድ፣ ማለትም አንድ ሊትር በማይሞላ ውሃ ነው! የሀብታም አገሮች ትርፍ ልብስ በቺሊ አታካማ በረሃ ላይ ተራራ ሆኖ ተቆልሏል። በአገራችንም ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ ሠፈር ያቋቋሙት ሶል ሬብልስ፣ ድሃው በረባሶ የሚሠራበትን አሮጌ የመኪና ጎማ ሶል አድርጎ ጫማውን ለዓለም ገበያ አቅርቧል። እኛ በረባሶን ስንንቅ የኖርን ሰዎች ነን።

እንግዲህ ልጅቷን «ቀጥይ» ብዬ ላሰናብታት ስል አንድ ነገር ጠየቅኋት። «ቡሉኮው የማን ነው?» «የእናቴ» አለች። የእናቷ መሆኑ በሞቷ ቀን አብቅቷል። ከከፈን ወጪ፣ ከዕዳና ከኑዛዜ የተረፈ ንብረት ሁሉ፣ መርፌም ብትሆን፣ የወራሾች ነው። አባታቸው ቀድሞ ሞቷል፣ አያቶቻቸውም የሉም፤ የቀሩት አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ከአራት እጅ ሁለቱ የወንድሟ፣ አንዱ የታናሽ እህቷ፣ አንዱ የእርሷ ነው። መቀሱን ስታነሳ የእርሷ የነበረው የጨርቁ ሩብ ብቻ ነበር።

ወንድሟን አስጠራሁት። ስለ ገላ የተናገረውን መልሼ ጠየቅሁት፤ የሟች ልብስ ለሚስኪን ሲሰጥ ኖሯል፣ ተሽጦም ያውቃል፤ ነውሩ ምኑ ላይ ነው? ዝም አለ። ሰውየው ያዘነው በእናቱ ነው እንጂ በጨርቁ አይደለም፤ ሐዘንተኛን በፍርድ መርታት ደግሞ ደስ አይልም። ቡሉኮው ሳይቀደድ በገበያ ያወጣ የነበረውን ዋጋ በሽማግሌ አስገመትን። የእጅዋ ድካም የራሷ ነው። ወንድሟ «የእኔን ዓፉ ብያለሁ፣ የትንሿንም እንደዚሁ» አለ። የራሱን ማለት ይችላል፤ የትንሿን ግን አይችልም። እርሷ ለአቅመ ሔዋን ያልደረሰች የቲም ናት፤ የእርሷን ሐቅ እኔም፣ እርሱም፣ አጎቷም ልንለግሰው አንችልም። በሱረቱ ኒሳእ የየቲም ገንዘብ በግፍ ስለሚበሉ ሰዎች የመጣውን ብርቱ ማስጠንቀቂያ ስናወሳ በሬና መሬት ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። የቡሉኮ ሩብ ግን ያው የየቲም ገንዘብ ነው።

አንድ ነገር ቀረ። አሮጌ ፈትል መጀመሪያ የሚሳሳው እጥፋቱ ላይ ነው፤ ዘመን ሲታጠፍ የኖረበት ቦታ ክብደት ሲያርፍበት ይተረተራል። እርሷም ይህንን ታውቅና ገበር ታለብሰዋለች፤ መልካም ነው። ግን ገበሩ የሳሳውን ይሸፍናል። በገበያ እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት ያገኙት ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ነጋዴውን እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀውታል። «የመቶ ዓመት ጥበብ ነው» እያሉ የሃያ ዓመቱን መሸጥም ያው ነው። (ለገዢውም አንድ ቃል አለኝ፦ ሰው እንዲያይለት ብሎ ውድ የለበሰና ሰው እንዲያይለት ብሎ አሮጌ ያንጠለጠለ ልዩነታቸው ዋጋው ላይ ነው።)

በተከታዩ ገበያ ቀን የሳሳውን ቦታ በጣቷ እያሳየች ሸጠች። ከአሰላ የመጣችው ደንበኛ ቦርሳውን አስቀምጣ ሄደች፤ ሌላዋ ዋጋ አስቀንሳ ወሰደች። የዚያን ቀን የተሸጠው እርሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ላይ የታናሽ እህቷን ድርሻ ቆጥራ፣ በመሐረብ ቋጥራ ለአጎታቸው ሰጠች።