የያዕቆብ እጆች

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንዲት እኅት ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ወደ ኋላ ቀርታ አንድ ጥያቄ አቀረበችልን። የእናቷን ልጅ፣ ታናሽ ወንድሟን፣ አዲስ አበባ ላይ ለመክሰስ ጠበቃ ይዛለች። እንዲህ እያደረገች ቅዱስ ቍርባንን መቀበል ይገባት እንደ ሆነ ለማወቅ ትሻለች። እኛ የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ካህናት አይደለንምና ወደ ንስሐ አባቷ መራናት። ጥያቄው ግን ከእኛ ጋር ቀረ። ከእርሷ በፊትም ሌሎች በልዩ ልዩ ቃል ጠይቀውናል። ስለዚህም ከዚህ በታች የምንተርከው የአንዲት ሴት ነገር ብቻ እንዳይሆን የሦስት የአራት ሰው ታሪክ በአንድ ላይ ቀላቅለነዋል። ማንም አንባቢ ጎረቤቱን ሊፈልግበት አይድከም።

እኅታችን ወደዚህ ከተማ ከመጣች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። በሰው ቤት እያደረች አረጋውያንን ትጠብቃለች፤ ጣልያኖቹ «ባዳንቴ» የሚሉት ሥራ ነው። የዕረፍት ጊዜዋ እንደ ብዙዎቹ ባልንጀሮቿ ኀሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ነው። በዚያ ሰዓት ወደ ኤስኲሊኖ ትመጣለች። ተርሚኒ ጣቢያ አጠገብ ገንዘብ ትልካለች፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ከፒያሳ ቪቶሪዮ ተነሥቶ ወደ ቀድሞው የጦር ሰፈር ሕንፃ ከገባው ገበያ ቅመሟን ትሸምታለች፣ ከአገሯ ልጆች ጋር ቡና ትጠጣለች፣ ሲመሽ ወደ አሮጊቷ ትመለሳለች። የላከችው ገንዘብ በዓመታት ውስጥ ቤት ሆነ። ቤቱ ግን በወንድሟ ስም ተመዘገበ። እርሷ በቦታው አልነበረችም፣ ጉዳዩም በፍጥነት እንዲያልቅ ተፈልጎ ነበር፣ ደግሞስ ወንድም አይደለም እንዴ?

ቤትን በዘመድ ስም ማድረግ በስደተኛው ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፤ ሁልጊዜም ከየዋህነት የመጣ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 390 የውጭ አገር ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክል ነበር። ዜግነቱን የለወጠ ኢትዮጵያዊም በዚያው ክልከላ ውስጥ ወደቀ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 270 የትውልደ ኢትዮጵያውያንን መብት እስካስጠበቀ ድረስ፣ ፓስፖርቱን የለወጠ ሰው በወላጆቹ ከተማ ጣሪያ እንዲኖረው ከፈለገ የወንድሙን ወይም የእኅቱን ስም ከመዋስ በቀር ብዙ ምርጫ አልነበረውም። አዋጁ ከወጣ በኋላ ግን ልማዱ ቀረ ማለት አይደለም። ሕግ በአንድ ቀን ይለወጣል፤ በስልክ «አንተ ጨርሰው» ማለት ግን ቀላል ነው።

ሦስት ዓመት ሆነ፣ እናት ዐረፈች። ወንድም ቤቱን ሊሸጥ ገዢ እንዳነጋገረ እኅት ከሌላ ሰው ሰማች።

እስከዚህ ድረስ ፍርዱ ቀላል ይመስላል። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ብለን፣ አዝነንና ተቈጥተን፣ ልናልፈው እንችል ነበር። ነገር ግን ወንድሙ የሚለውን የሰማ ሰው በመካከላችን አለ። ወንድሙ እንዲህ ይላል፦ እርሷ ገንዘብ ላከች፣ እኔ ዕድሜዬን ሰጠሁ። እናታችን አልጋ ላይ በዋለችበት ዘመን ያገላበጥኋትና ያጠብኋት እኔ ነኝ። በሌሊት ሆስፒታል ተሸክሜ የወሰድኋት እኔ ነኝ። ልሄድበት የነበረውን ሥራ የተውሁት ለእርሷ ብዬ ነው። ግንበኛውን የተቈጣጠርሁ፣ ቀበሌ ለቀበሌ የተንከራተትሁ ማን ነው? እናታችንም በአፏ «ቤቱ ያንተ ነው» ብላኛለች።

ይህን ስንሰማ ዝም አልን። እኅቱ ለማታውቃት ጣልያናዊት አሮጊት በደመወዝ የምታደርገውን እርሱ ለእናታቸው ያለ ደመወዝ አድርጎታልና። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህን አንድም ቀን ማንም ቈጥሮለት አያውቅም። ሆኖም ገዢውን ያነጋገረው በድብቅ ነው። እኛን የያዘን ነገር ይህ ነው፤ እውነተኛ ድካም ያለው፣ ምናልባትም እውነተኛ ድርሻ ያለው ሰው፣ ስለ ምን በጨለማ ይሄዳል?

ቅዱስ መጽሐፍ ይህን ሰው ያውቀዋል። በኦሪት ዘፍጥረት ከምዕራፍ 25 ጀምሮ ያለውን የይስሐቅን ቤት ታሪክ ከልጅነታችን ጀምረን ሰምተነዋል፤ ብዙ ጊዜም ያዕቆብን አመስግነን ኤሳውን ነቅፈን እናልፋለን። ጸጥ ብለን ስናነበው ግን ያዕቆብ ሌጣ ሌባ እንዳልነበረ እናያለን፤ በእጁ ሦስት ማስረጃ ነበረው። እናቱ ገና ሳትወልዳቸው ታላቁ ለታናሹ እንደሚገዛ ከእግዚአብሔር ሰምታለች። ብኵርናውንም በምስር ወጥ ይሁን እንጂ ገዝቶታል፤ ሻጩም ምሎለታል። በመጨረሻም እናቱ አዝዛዋለች፤ እርግማኑም በእኔ ላይ ይሁን ብላዋለች። ተስፋ፣ ውልና የእናት ቃል ማለት ነው። ዛሬ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ጠበቃው የሚናገረው አያጣም ነበር። እንዲህም ሆኖ የወንድሙን ልብስ ለብሶ፣ እጁንና አንገቱን በፍየል ጠቦት ለምድ ሸፍኖ፣ ዐይኑ በፈዘዘ አባቱ ፊት ስሙን ዋሸ። መጐምጀት በቤተሰብ ውስጥ በባዶ እጁ አይገባም፤ የመብትን ልብስ ለብሶ ይገባል። ስለዚህም የለበሰው ሰው ራሱ ሳይቀር አያውቀውም።

ደግሞም ልብ እንበል። ባዕድ ሰው ይስሐቅን በዚህ መንገድ ሊያታልለው አይችልም ነበር። ሽማግሌው የሚወደውን ወጥ ጣዕም፣ የኤሳውን ልብስ ሽታ፣ የዐይኑን ድካም የምታውቀው ሚስቱ ናት። ፍቅር ያስተማራት ዕውቀት ለማታለያ መሣሪያ ሆነ።

የሁሉም ድርሻ አለበት። ይስሐቅ ኤሳውን የወደደው ከአደኑ ይበላ ስለ ነበር ነው ይላል መጽሐፉ፤ ርብቃ ደግሞ ያዕቆብን ወደደች። ርብቃ ልጇን ወደ ካራን ስትልከው የወንድሙ ቍጣ እስኪበርድ ጥቂት ቀን ተቀመጥ አለችው። ጥቂት ቀን! ሃያ ዓመት ሆነ። በሕይወት እንደገና እንደ ተያዩ መጽሐፉ አይነግረንም። የሞግዚቷን የዲቦራን ሞት ይነግረናል፣ የራሷን ግን በዝምታ ያልፈዋል፤ በመጨረሻ ከተቀበሩት መካከል ስሟን ብቻ እናገኛለን። «ለጥቂት ጊዜ» ብለን ከአገራችን የወጣን እኛ ይህን ክፍል ያለ እንባ ልናነበው አይቻለንም።

በኤስኲሊኖ ኮረብታ ላይ፣ ከተርሚኒ ጥቂት ርቀት፣ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ የሚባለው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አለ። ቱሪስት የሚበዛበት ስለ ሆነ ከእኛ ብዙዎቹ በደጁ ያልፋሉ እንጂ አይገቡም። ገብቶ ከዓምዶቹ በላይ ወዳለው ግድግዳ ቀና ብሎ የተመለከተ ሰው በጥቃቅን የመስታወትና የድንጋይ ንጣፍ የተሠሩ የብሉይ ኪዳን ሥዕሎችን ያያል። በ5ኛው መቶ ዓመት፣ በ431 እ.ኤ.አ. ከተደረገው የኤፌሶን ጉባኤ ብዙ ሳይቆይ፣ በጳጳሱ በሲክስጦስ 3ኛ ዘመን የተሠሩ ናቸው። ከ42ቱ ዛሬ የቀሩት 27 ናቸው። በኬልቄዶን ከተደረገው መለያየት በፊት የተሠሩ ስለ ሆኑም እኛ የራሳችን ቅርስ አድርገን ብናያቸው ማንም አይነቅፈንም። በዚያ ግድግዳ ላይ ይስሐቅ ያዕቆብን ሲባርክ፣ ላባ ያዕቆብን አቅፎ ሲቀበል፣ ከዚያም ያዕቆብ ስለ ማታለሉ ላባን ሲወቅስ፣ በመጨረሻም ሁለቱ መንጋ ሲከፋፈሉ ይታያል። እቅፉና ወቀሳው በአንድ ግድግዳ ላይ ናቸው።

ላባ የያዕቆብ እናት ወንድም ነው፤ ሲያገኘው አጥንቴ ሥጋዬ ነህ ብሎ ሳመው። ከዚያ በኋላ በራሔል ፈንታ ልያን በሌሊት ሰጠው፤ ደመወዙንም አሥር ጊዜ ለወጠበት። በጨለማ አባቱን ያታለለው ሰው በጨለማ ተታለለ። ያዕቆብ በምዕራፍ 31 ላይ ለላባ የሚያቀርበው አቤቱታ የእኛን ባዳንቴዎች ቃል ይመስለናል፤ የቀን ሐሩር፣ የሌሊት ቍር፣ ከዐይን የራቀ እንቅልፍ፣ ሃያ ዓመት በሰው ቤት። ግፉዕ መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ እርሱም የሸፈነው እጅ ነበረው። ከዓመታትም በኋላ ልጆቹ የዮሴፍን ቀሚስ በፍየል ደም ነክረው ወደ እርሱ ላኩና የልጅህ እንደ ሆነ እየው አሉት። መጽሐፉ በያዕቆብ ማታለል ላይ አንድም የወቀሳ ቃል አልጨመረም፤ ፍየሏን ብቻ መልሶ አመጣት።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ስለ አገር ቤት ዘመድ ክፋት ሲወራ በቡና ላይ የማንደክም እኛ፣ በገዛ እጃችን ላይ ያለውን ለምድ አይተነዋልን? የአሮጊት ሽንት የምንጠርግ ሆነን ሳለ «ቢሮ ነው የምሠራው» ብለናል። በሰው ሳሎን ቆመን ፎቶግራፍ ተነሥተን ልከናል። ወንድማችን በዚያ ፎቶግራፍ ላይ ያየው ሀብታም ሰው ነው፤ ከሀብታም ሰው ደግሞ አንድ ቤት መውሰድ ድሀን መበደል አይመስልም። ገንዘቡን ስንልክም አንዳንዴ መታዘዝን ገዝተንበታል፤ ማን ማንን ያግባ፣ ማን የት ይማር በሚለው ላይ በስልክ ፈርደናል። በዚያም ወገን እንዲሁ፣ የእናት ሕመም «እንዳትደነግጥ» ተብሎ ይሸሸጋል፤ መርዶው ይዘገያል። አብዛኛው ከርኅራኄ ነው። ነገር ግን የሚላከው ገንዘብ እንዳይቋረጥ ሲባል የዘገየ መርዶም ሰምተናል፤ ይህን ለመጻፍ እጃችን ከብዶታል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ላይ አንድ ሰው ወንድሙ ርስቱን እንዲያካፍለው ይነግርለት ዘንድ ጌታችንን ለመነው። ምናልባት እውነት ነበረው፤ ሐሰተኛ ነው አልተባለም። ጌታ ግን ዳኛና አካፋይ አድርጎ የሾመኝ ማን ነው አለው፤ ቀጥሎም ስለ መጐምጀት አስጠነቀቀ። ያ ማስጠንቀቂያ የተነገረው በከሳሹ ፊት መሆኑን ልብ ያላልነው ብዙ ነን። ጌታ ለተበደለው አላዘነም ማለታችን አይደለም። የተበደለ ሰው ለመጐምጀት በሩ ከሌላው ይልቅ የተከፈተ ነው፤ ዳኛም፣ ወዳጅም፣ የገዛ ሕሊናውም «ይገባሃል» ይለዋልና።

ይህን ስንል «ለእግዚአብሔር ስጠውና ዝም በል» ከሚሉት ጋር አንተባበርም። ዝምታ ለበዳዩም አይጠቅመውም። ያዕቆብና ላባ የታረቁት ድንጋይ ከምረው፣ ድንበር አኑረው፣ በክምሩም ላይ እንጀራ በልተው ነው። ማንም ፍቅር ጐደላቸው አላለም። ታዲያ በእኛ ዘንድ ሒሳብ በጽሑፍ መጠየቅ ስለ ምን እንደ ስድብ ይቈጠራል? ሕጉ ራሱ ለወካዩ አስቦለታል። የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2205 እንደሚያዝዘው ጠቅላላ ውክልና ያለው ሰው ቤት ሊሸጥ ወይም በመያዣ ሊሰጥ አይችልም፤ ለዚህ ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። ወኪሉም ስለ ሥራው ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ብዙዎቻችን ግን ዘመድ ያዘጋጀውን ረቂቅ ሳናነብ፣ መሸጥ መለወጥ የሚለውን ቃል ሳናይ፣ በሥራ መካከል ሮጠን ፈርመን ተመልሰናል። ዛሬም ማንበብና መጠየቅ ይገባል፤ በዚያው ወረቀት ላይም አገር ቤት ላለው ሰው የድካሙ ዋጋ ተቈጥሮ ቢጻፍለት መልካም ነው። የእኅታችን ወንድም በመጀመሪያው ዓመት «ለእናታችን ለምታደርገው ከቤቱ ይህን ያህሉ ያንተ ነው» ተብሎ ቢሆን ኖሮ በጨለማ ገዢ ይፈልግ ነበር ወይ? ይፈልግም ይሆናል፤ ሰው ነውና።

ያዕቆብ ወደ ኤሳው ሲመለስ አራት መቶ ሰው ይዞ እንደሚመጣ ሰምቶ ፈርቶ ነበር። ኤሳው ግን ሮጦ አንገቱን አቀፈው፤ የቀረበለትንም መንጋ ለእኔ ብዙ አለኝ ብሎ መለሰለት። ያዕቆብ ተቀበለኝ ብሎ ሲለምነው ለስጦታው የተናገረው የዕብራይስጥ ቃል «በረከት» የሚለው ነው፤ ከአባቱ ዘንድ በማታለል የወሰደው ያው ቃል። የወሰደውን በስሙ ጠርቶ መለሰ። እውነቱን ለመናገር ያም ቢሆን ፍጹም አልነበረም። ወደ ሴይር እከተልሃለሁ ብሎ ኤሳውን ከሸኘው በኋላ መንገዱን ወደ ሱኮት አዞረ። ሰው በአንድ እቅፍ ልማዱን አይተውም። ነገር ግን ይስሐቅ በሞተ ጊዜ ኤሳውና ያዕቆብ በአንድነት ቀበሩት።

እኅታችን በግንቦት ወር ለእናቷ የሦስተኛ ዓመት ተዝካር ወደ አዲስ አበባ ሄዳ ተመለሰች። የንስሐ አባቷ የመከሯትን ለእኛ አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ጠበቃውን እንዳላሰናበተችው እናውቃለን። በድንኳኑ ውስጥ ወንድሟ ከጎኗ ተቀምጦ ነበር፤ ጠላውን የቀዳላት እርሱ ነው። ስለ ቤቱ አልተነጋገሩም። ማታ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ግን ወደ እናታቸው ክፍል አስገብቷት እናታቸውን ያገላብጥበት የነበረውን አንሶላ አሳያት፤ እስከ ዛሬ አጥፎ አስቀምጦታል። እርሷም የላከችበትን የሃያ ሁለት ዓመት ደረሰኝ በቦርሳዋ ይዛ ነበር። አውጥታ አልጋው ላይ አስቀመጠችው።