የዋጋ ክርክርና የክርስቲያን ኅሊና

«ገበያ ነው» የሚለው ቃል በመካከላችን የብዙ ነገር ማመካኛ ሆኗል። በቤቱ ሐሰትን የሚጸየፍ ሰው በመደብር ሲቆም የተናገረውን ሐሰት እንደ ሐሰት አይቆጥረውም። ሲራክ ግን በምዕራፍ 27፣ ካስማ በድንጋይና በድንጋይ መካከል እንደሚሰካ ኃጢአትም በመሸጥና በመግዛት መካከል ተሰክቶ እንደሚገኝ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ስለ ዋጋ የሚደረግ ክርክር ከኅሊና ፍርድ ውጭ የሆነ ስፍራ አይደለም።

በአዊ አገር ግዢና ሽያጭ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ፈረስ ያስተማረው ሕዝብ አለ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር የሚታየው የፈረስ ፍቅር ከዕውቀት ጋር የተያያዘ ነው። ፈረስ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ይገምታል፤ ሰኮናውን አንሥቶ ይመለከታል፤ ጋልቦም ይሞክረዋል። ሻጩና ገዢው በዕውቀት የተቀራረቡ ስለሆኑ ክርክሩም የእኩዮች ክርክር ነው።

ዛሬ ግን ከግምጃ ቤት የተነሣ ወጣት ከድንችና ከዲከረንስ ከሰል ሽያጭ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ፣ አዲስ ሞተር ሳይክል ለመግዛት ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሲወርድ እኩልነቱ ይጠፋል። ሻጩ የመጣበትን ዋጋ፣ የመለዋወጫውን ሁኔታና የሞተሩን ጠባይ ያውቃል። ገዢው የሚያውቀው የራሱን ገንዘብና የራሱን ችግር ብቻ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ሁለቱ ያለ ማስገደድ ከተስማሙ፣ የተስማሙበት ዋጋ በመስማማታቸው ብቻ ትክክለኛ ይሆናልን?

ብዙዎች «አዎን» ይላሉ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን ሌላ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ዓ.ም. ስለ ሠራተኞች በጻፉት መልእክት፣ ከአሠሪና ከሠራተኛ ስምምነት በላይ የሆነ የተፈጥሮ ፍትሕ እንዳለ አስተማሩ። ጳውሎስ 6ኛም እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም. ይህንኑ ትምህርት በሕዝቦች መካከል ወደሚደረገው ንግድ አሰፉት። የአገራችንም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1710 ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ሐሳብ ይዟል። ውሉ ለአንዱ ወገን የበለጠ ስለ ጠቀመ ብቻ አይፈርስም፤ ነገር ግን የተጎዳው ሰው ፈቃዱን የሰጠው ችግሩን፣ የዋህነቱን፣ እርጅናውን ወይም በግልጽ የሚታይ የንግድ ልምድ ማጣቱን ሌላው መጠቀሚያ ስላደረገበት ከሆነ፣ ፍትሕ ሲያስገድድ ውሉ ሊፈርስ ይችላል።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ነገሩን ከሥሩ መርምሮታል። በእርሱ አስተያየት ትክክለኛ ዋጋ በግምት የሚደረስበት እንጂ እንደ ነጥብ የተወሰነ አይደለም፤ ስለሆነም ጥቂት መጨመርም ሆነ መቀነስ ፍትሕን አያፈርስም። መከራከር የተፈቀደውም በዚህ ስፋት ውስጥ ነው። ሻጩ ዕቃውን በመስጠቱ እርሱ ራሱ የሚጎዳ ከሆነ ጉዳቱን በዋጋው ላይ ሊያስብ ይችላል። ነገር ግን ሻጩ ምንም ሳይጎዳ፣ ገዢው ዕቃውን እጅግ ስለ ፈለገው ብቻ ዋጋ ቢያስወድድ በደል ነው። ምክንያቱም ያ ችግር የገዢው እንጂ የሻጩ አይደለም፤ ማንም የራሱ ያልሆነውን ሊሸጥ አይገባውም። የታመመች እናቱን ወደ ሐኪም ለማመላለስ ሞተር የሚሻ ልጅ ጭንቀቱ ከፊቱ ቢነበብ፣ ሻጩ ሞተሩን ይሽጥለት፤ ጭንቀቱን ግን መልሶ አይሽጥለት።

ይህ ሚዛን በቅርቡ ባየነው ሁኔታ ይፈተን። መንግሥት በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ ብር ከዶላር አንጻር በእጅጉ ረከሰ። ቀደም ሲል በአሮጌው ተመን ያስመጣውን ሞተር ሳይክል በመጋዘን የያዘ ነጋዴ ዋጋ ሊጨምር ይገባዋልን? የሸጠውን የሚተካው በአዲሱ ተመን ስለሆነ ጉዳቱ እውነተኛ ነው፤ በዚያው መጠን ቢጨምር አይነቀፍም። ዕቃውን ሸሽጎ «አልቋል» በማለት ገዢውን ያስጨነቀ ግን ከጉዳት ራሱን አልጠበቀም፤ በሌላው ፍርሃት ነገደ።

ገዢም ከፍርድ አያመልጥም። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 20 ዕቃውን እያጣጣለ ገዝቶ ከሄደ በኋላ በግዢው የሚመካውን ሰው ያሳየናል። ደህና መሆኑን እያወቀ «ይህ ምን ይረባል» የሚል፣ ወይም ያልተሰጠውን ዋጋ «ከዚያ ማዶ በዚህ ሰጥተውኛል» የሚል ገዢ፣ ጉድለትን ከሚሸሽግ ሻጭ አይሻልም። ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ሐሰት አይደለም። ሁለትና ሦስት መደብር መጠየቅ፣ በሞተር ሥራ የሚያውቅ ሰው ይዞ መሄድ፣ የሰሌዳውና የመድኑ ወጪ በማን ላይ እንደሆነ አስቀድሞ መነጋገር፣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሰነዱ ጋር ማመሳከር፣ የዋስትናውን ቃል በጽሑፍ መቀበል፣ ያልተስማማውን ትቶ መውጣት፣ ይህ ሁሉ የአስተዋይነት ምግባር ነው። ያለውን ገንዘብ ልክ ያለመናገርም መብቱ ነው፤ ዝም ማለትና መዋሸት ይለያያሉ።

በመጨረሻም፣ በክርክሩ ላይ የማይገኝ ሦስተኛ ሰው እንዳለ አንርሳ። ሻጩ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» ወይም «ደረሰኙን ዝቅ አድርጌ ልጻፍልህ» ሲል ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያዩ ይሆናል። ነገር ግን ከታክስ በፊት 100,000 ብር በሚያወጣ ዕቃ ላይ 15,000 ብር የተጨማሪ እሴት ታክስ ይሰወራል። ያ ገንዘብ ያ ሞተር የሚሄድበት መንገድ፣ የሕፃናቱ ትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያው መድኃኒት ነበር። የሁለት ሰዎች ስምምነት ለፍትሕ እንደማይበቃ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም፤ የተጎዳው ወገን አልተጠየቀምና።

ስለዚህ ምእመናን ሆይ፣ ስንሸጥ በሌላው ችግር ላይ ዋጋ አንተምን፤ ስንገዛም የነጋዴውን ድካም አናራክስ። በእሑድ ቅዳሴ ሰላም የምንሰጠው ባልንጀራ፣ በሰኞ ገበያ ዋጋ የምንቆርጥለት ያው ባልንጀራ ነው።