ያልተቀዳው ቤንዚን

እ.ኤ.አ. በጁን 1943 ጃክ ዴላኖ የተባለ ፎቶ አንሺ በፊላደልፊያ ከተማ አትላንቲክ በሚባለው ኩባንያ ማደያዎች እየዞረ፣ ነዳጅ የሚቀዱ ሴቶችን አነሣ። የላከው የአሜሪካ መንግሥት የጦርነት መረጃ መሥሪያ ቤት ነው። ሥዕሎቹ ዛሬም በዋሽንግተን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ፕሮፓጋንዳ መሆናቸው አያጠራጥርም፤ ሌላዋም አይታ እንድትመጣ የተነሡ ናቸው። እኔን ይዞ የሚያቆየኝ ግን ከሥራቸው የተጻፈው አጭር መግለጫ ነው። ሴትዮዋ ከዚያ በፊት ምን ትሠራ እንደነበር ይናገራል። አንደኛዋ የአንድ አሳታሚ ድርጅት የደመወዝ ክፍል ጸሐፊ ነበረች። ሌላዋ መድኃኒት ቤት ውስጥ ሻጭ ነበረች። ሁለቱም ለሰው የሚደርሰውን ልክ ቆጥረው ይሰጡ የነበሩ ናቸው። ማደያውም በዚያ ዓመት የሚፈልገው ይህን እጅ ነበር።

ከጦርነቱ በፊት የማደያ ሥራ ጥበቡ መሸጥ ነበር። መኪና ገባ ሲባል ቀጂው ሮጦ ይወጣል፤ ፓራብሬዛውን ይወለውላል፤ ኮፈኖውን ከፍቶ ዘይቱን ያያል፤ የጎማውን ንፋስ ይለካል፤ ራዲያተሩ ላይ ውኃ ይጨምራል። ለዚህ ሁሉ ዋጋ አይጠይቅም። ያ ሁሉ ደግነት የሚደክመው ሾፌሩ አንድ ቃል እንዲናገር ነው፤ «ሙላው» እንዲል።

ወንዶቹ ወደ ጦሩና ከማደያ የተሻለ ወደሚከፍሉት የመርከብና የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ሲሄዱ ቦታቸውን የያዙት ሴቶች ያገኙት ሥራ ታዲያ ያው ሥራ አልነበረም። «ሙላው» የሚባል ነገር ቀርቷል። በሜይ 1942 ቤንዚን በምሥራቅ ጠረፍ ባሉ ክፍለ ግዛቶች በራሽን ሆነ፤ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ከቴክሳስ ወገን ነዳጅ ጭነው የሚመጡትን መርከቦች በአሜሪካ ደጃፍ ያሰምጡ ነበርና። ከዲሴምበር 1 ቀን 1942 ጀምሮ ደግሞ አገሩ በሙሉ በራሽን ገባ። የሁለተኛው ምክንያት ይገርማል። ነዳጅ የሞላበት ክፍለ ግዛት ሳይቀር በራሽን የገባው ለጎማ ተብሎ ነው። ጃፓን ማላያንና ዛሬ ኢንዶኔዥያ የምንላቸውን ደሴቶች ስትይዝ የአሜሪካ የተፈጥሮ ጎማ ምንጭ ከሞላ ጎደል ደረቀ። ጎማው እንዳያልቅ መኪናው አይሂድ፤ መኪናው እንዳይሄድ ቤንዚኑ አይገኝ። ፍጥነቱም በሰዓት 35 ማይል፣ በእኛ 56 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ላይ ተገታ።

እንግዲህ ያቺ ሴት ቱታዋን ለብሳ ጨርቋን ይዛ ወደ መኪናው ትቀርባለች። መስታወቱ ጥግ ላይ አንድ የላቲን ፊደል ተለጥፏል። ኤ ከሆነ ተራ ሾፌር ነው፤ መጀመሪያ ላይ በአብዛኛው አገር በሳምንት 4 ጋሎን፣ ማለትም 15 ሊትር ያህል ይደርሰዋል፤ ኋላም እየተቀነሰ ሄዷል። ቢ ለጦርነቱ በሚያስፈልግ ሥራ ላይ ተሰማርቶ ወደዚያው በመኪና ለሚመላለስ ነው። ሲ ለሐኪሙና ለመሰሎቹ ነው። ኤክስ ያለው ገደብ የለበትም፤ ይህችን ኤክስ ብዙ የምክር ቤት አባላት ለራሳቸው መውሰዳቸው በጋዜጣ ወጥቶ አገሩን አነጋግሯል፤ የትም ቢሆን የማይጠፋ ታሪክ ነው። ከተለጣፊው ጀርባ፣ ወደ ሾፌሩ ፊት በዞረው በኩል፣ ይህ ጉዞ የግድ ያስፈልጋል ወይ የሚል ጥያቄ ታትሟል።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እወዳለሁ። አንድ መስታወት ነው። እሱ ከውስጥ ተቀምጦ ጥያቄውን ያነባል፤ እሷ ከውጭ ቆማ ፊደሉን ታነባለች። ጨርቁ በመካከላቸው ይመላለሳል። ድሮ ሾፌሩን ለማባበል ይወለወል የነበረው መስታወት አሁን ሲወለወል ይነበባል። የእጅዋ እንቅስቃሴ ያው ነው፤ ዓይኗ ግን ሌላ ሥራ ይዟል።

ከዚያ የራሽኑ ኩፖን ይመጣል። ከጀርባው የታርጋ ቁጥሩ መጻፉን ታያለች፤ ከመኪናው ጋር ታመሳክራለች፤ ትቀበላለች፤ ከዚያ በኋላ ነው የምትቀዳው። ተመሳስሎ የተሠራ ኩፖንም በገበያው ላይ ነበር፤ ስለዚህ የወረቀቱን መልክ ማወቅም የሥራዋ አካል ነው። ማደያው አዲስ ነዳጅ የሚያገኘው የተቀበላቸውን ኩፖኖች ለአቅራቢው ሲያስረክብ ነው። አንድ ጋሎን በርኅራኄ ያለ ኩፖን ብትቀዳ ጉድለቱ በማደያው የነዳጅ ጉድጓድ ይታያል።

የሚባለውን መገመት አይከብድም። «እህቴ፣ እናቴ ታማብኛለች፤ እስከዚያ ድረስ ብቻ የምታደርሰኝን።» እሷም፣ «ኩፖን አለዎት?» እናቱ በእውነት ታማ ይሆናል። በዚያው በ1943 በምሥራቅ ክፍለ ግዛቶች ለመዝናናት መንዳት ራሱ ተከልክሎ ስለነበር፣ እናቱን ያሳመመ ሾፌርም አይጠፋም። ሁለቱን ለይታ የምታውቅበት መንገድ የላትም፤ ያላት ወረቀቱ ነው።

ስኳር በራሽን በሚሸጥበት ዘመን በቀበሌ ሱቅ ሰልፍ የቆመ ሰው ይህን አያጣውም። ድልድሉን ያወጣው ሩቅ ነው ያለው፤ በዓይን የሚታየው ሚዛኑን የያዘው ነው፤ ቁጣውም እሱ ላይ ይወርዳል።

የዚያን ጦርነት ሴት ሠራተኛ ስናስብ በዓይናችን የሚመጣው የፋብሪካዋ ሴት ናት፤ ክንዷን ያጠፈችው፣ ፀጉሯን በመሐረብ ያሰረችው። መታሰቧ ትክክል ነው። አውሮፕላኑ ተቆጥሯል፤ መርከቡ ተቆጥሯል፤ ስንት እንደሆነ መጽሐፍ ይናገራል። የማደያዋ ሴት ግን ለጦርነቱ የሰጠችው ሳትቀዳ ያስቀረችውን ነው። ያልነደደ ቤንዚን ሜዳሊያ አያሰጥም። ያላለቀ ጎማም ታሪክ የለውም፤ መኪናው ላይ እንዳለ ይቀራል። ሥራዋ በደንብ በተሠራ ቁጥር የሚታይ ነገር እያነሰ ይሄዳል። በምስሉ ላይ እንኳ ዴላኖ ሊያነሣ የቻለው ስትቀዳና ስትወለውል ነው፤ እምቢ ስትል ምን መልክ አለው?

ይህን ስል እንደ መልአክ ላደርጋት አልፈልግም። ለምታውቀው ሰው ጋሎን የጨመረች፣ ኩፖን አይታ እንዳላየች ያለፈች ትኖራለች። ጥቁር ገበያው ያለ ማደያ ሰው እጅ አይቆምም ነበር። ግን ይህ ራሱ ሥራው ምን ያህል በአንድ ሰው እጅ ላይ እንደወደቀ ያሳያል። ኤክስ ወስዶ የመጣው የምክር ቤት አባልና በኤዋ የምታዘግም መምህርት ከአንድ ቱቦ ነበር የሚቀዱት፤ ቱቦውን የያዘችው የትናንቷ የደመወዝ ጸሐፊ ናት።

የቤንዚን ራሽን የተነሣው ኦገስት 15 ቀን 1945 ነው፤ የጃፓን እጅ መስጠት በተነገረ ማግስት። የጎማው ራሽን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቆይቷል። ሾፌሮች ወደ ማደያ እየገቡ ለረጅም ጊዜ ሳይሉት የቆዩትን «ሙሊልኝ» አሉ። መከልከል የተባለው ሥራ በአንድ ቀን አበቃ። የቀረው መስታወቱን መወልወል፣ ዘይቱን ማየት፣ ጎማውን መለካት ነበር፤ ይህ ደግሞ ወንዶቹ ትተውት የሄዱት፣ ሲመለሱም የእኛ ነው ያሉት ሥራ ነበር።