የመቶ ዶላር መሐላ

 

በዚህ ሳምንት ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ አንድ ወንድም ጥያቄ ላከልኝ። ከሄደ ዓመት አልሞላውም፤ በመኪናው ምግብ እያደረሰ ነው የሚሠራው። ብዙዎቻችሁን ስለሚነካ ፈቃዱን ጠይቄ አካፍላችኋለሁ።

“ኡስታዝ፣ ትምህርት ቤት አጠገብ ፈጥኜ ሳልፍ ካሜራ ያዘኝ። ቅጣቱ በፖስታ መጣ፤ መቶ ዶላር ነው። ለእናቴ በየወሩ የምልከው እሱን ነው። ፎቶው ታርጋዬን እንጂ ፊቴን አያሳይም። ‘እኔ አልነዳሁም’ ብለህ ቃለ መሐላ ከፈረምክ ይቀርልሃል አሉኝ። ልፈርም?”

ወንድሜ፣ የእናትህ ነገር ልቤን ነክቶታል። ግን አትፈርም።

እውነት ነው፤ እዚያ የካሜራ ቅጣት የሚመጣው በመኪናው ባለቤት ስም ነው፤ ያልነዳ ሰውም ይህንኑ በመሐላ እንዲያሳውቅ ሕጉ ይፈቅድለታል። ይህ በር የተከፈተው ግን በእርግጥ ላልነዳ ሰው ነው። አንተ መሪውን ይዘህ እንደነበር ታውቃለህ። አውቆ በውሸት የሚማል መሐላ በዲናችን “የሚን አል-ገሙስ” ይባላል፤ ባለቤቱን ወንጀል ውስጥ የሚነክር መሐላ ማለት ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከሽርክ፣ የወላጅን ሐቅ ከመጣስና ነፍስ ከማጥፋት ጋር አብረው ከቆጠሯቸው ከባባድ ወንጀሎች አንዱ ነው። ለእናትህ ብለህ ከዚህ ውስጥ መግባት፣ እናትህ ራሷ ብትሰማ የምትወድልህ ይመስልሃል?

“አገሩ የሙስሊም አይደለም፤ ሕጉም የእኛ አይደለም” የሚል ወንድም አይጠፋም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳ መጀመሪያ ቃል ኪዳኖችን እንድንሞላ ያዘናል። ቪዛ ቃል ኪዳን ነው። መንጃ ፈቃድም ቃል ኪዳን ነው። ሑዘይፋ ኢብኑል የማንና አባቱ ወደ መዲና ሲሄዱ ቁረይሾች ያዟቸው፤ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ሆነው እንደማይዋጉ ቃል አስገብተው ለቀቋቸው። ከፊት የበድር ዘመቻ ነበር፤ ሙስሊሞች ደግሞ ጥቂት ነበሩ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን ለጠላት የገቡትን ቃል እንዲጠብቁ ነገሯቸው፤ ከበድርም ቀሩ። ለጠላት የተገባ ቃል እንዲህ ከተከበረ፣ አስገብቶ ለሚያኖርህ አገር የገባኸው እንዴት ይቀላል?

እኛ ሐበሾች ደግሞ ስለ እንግድነት የምናስታውሰው ታሪክ አለን። ሶሐቦች ወደ አገራችን ሲሰደዱ እንግዶቹ እነሱ ነበሩ። ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በነጃሺ ፊት ቆሞ እስልምናን ሲያስተዋውቅ፣ እውነት መናገርን፣ አማናን ማድረስንና ለጎረቤት መልካም መሆንን ጠቀሰ። በማግስቱ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ሲጠየቁ እውነቱ ሊያስባርራቸው ይችል ነበር። የመጣው ይምጣ ብለው እውነቱን ተናገሩ። እነሱ መጠጊያቸውን ለአደጋ አጋልጠው እውነት ተናገሩ፤ ከአንተ የተጠየቀው መቶ ዶላር ነው።

ደግሞ ካሜራው ለምን እዚያ እንደተተከለ አስብ። የሚሻገሩት ሕፃናት ናቸው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መንገድ ሐቅ እንዳለው አስተምረውናል፤ ከሐቆቹ አንዱ ሰውን አለማስቸገር ነው። ቅጣት ቢከፈል ያበቃል። የልጅ ሕይወት ግን በገንዘብ የሚዘጋ ፋይል አይደለም።

አዲስ የሄዳችሁ ሳታውቁ እንዳትጎዱ፣ የቨርጂኒያን ሕግ በጥቂቱ ላስታውሳችሁ፦

▪️ ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ማለፍ፣ ወይም በየትኛውም መንገድ ከ85 ማይል በላይ መንዳት ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል።

▪️ ቢጫው የተማሪዎች አውቶቡስ ቆሞ ቀይ መብራት ሲያበራ ቁሙ። መንገዱ በአካፋይ ካልተለየ ከፊት ለፊት የሚመጣውም ይቆማል።

▪️ እኛ አገር ትራፊክ ሲያስቆመን ወረቀታችንን ይዘን ወርደን እንሄዳለን። እዚያ ግን አትውረዱ፤ እጃችሁን መሪው ላይ አድርጋችሁ ጠብቁ። “ለሻይ” የሚባል ነገር በጭራሽ አታስቡ። ጉቦ እዚያ ያሳስራል፤ በእኛ ዲን ደግሞ ሰጪውም ተቀባዩም የተረገሙ ናቸው።

▪️ የቅጣት ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ አታሳድሩ። ስህተት ካለው ቀጠሮ ይዛችሁ፣ አስተርጓሚ ጠይቃችሁ፣ እውነቱን ተናግራችሁ ተከራከሩ። ይህ መብታችሁ ነው፤ ሐራም የሆነው ውሸቱ ነው።

ቀድማችሁ የሄዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ለአዲስ መጪ ይህን ንገሩት። “ፈርም፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው” የምትሉት ልጅ ነገ በአላህ ፊት ስማችሁን ሊጠራ ይችላል። ከቻላችሁ ደግሞ መቶ ዶላሩን አበድሩት።

ያ ወንድም ትናንት ማታ “ከፈልኩ ኡስታዝ፤ ለእማዬም ደውዬ የዚህ ወር እንደሚዘገይ ነገርኳት” ብሎ ጻፈልኝ። ምን አለችህ ስለው፣ “ዱዓ አደረገችልኝ” አለ።

አላህ የተሻለውን ይተካለት። በስደት ያላችሁትን ሁሉ ከመንገድ አደጋና ከምላስ አደጋ ይጠብቃችሁ፤ ሪዝቃችሁን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግላችሁ። አሚን።

ሱረቱል ካህፍን መቅራትና በነብያችን ላይ ሰለዋት ማብዛት አትርሱ።