ቁስሉን የከፈተው ማነው?

ባለፈው ጾም አዲሱ ገበያ አካባቢ አሣ ልገዛ ቆምኩ። «የዝዋይ ቆሮሶ ነው» አለኝ ሻጩ። አንዱን ሲሰነጥቀው ከሥጋው ውስጥ ቢጫ ትል ብቅ አለ። ፊቴን አየና ሳቀ፦ «አይዞህ ወንድሜ፣ ትል ብቻውን አሣ አይገድልም።» ሳልገዛ ወደ ቤቴ ሄድኩ። «ብቻውን» የምትለዋ ቃል ግን አብራኝ መጣች።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ መንስኤውን ካላገኘሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ያን ማታም ስለ አሣ በሽታ ሳነብ አመሸሁ።

ኖርዌይ ውስጥ ሳልመን የሚረባው ባሕር ላይ በተዘረጋ መረብ ውስጥ ነው። በአንድ መረብ እስከ 200,000 አሣ ማኖር ይፈቀዳል። እዚያ ግርግር ውስጥ የባሕር ቅማል ይገባል። ቅማሉ የአሣውን ቆዳና ያንን የሚያሙለጨልጭ ሽፋን ይግጣል፤ ሽፋኑ ደግሞ የአሣው የመጀመሪያ አጥር ነው። ጥቂት ቅማል ትልቅ አሣ አይገድልም። ግን አጥሩ ተነደለ፣ አሣውም ተዳከመ። ባክቴሪያው ድሮም ውሃው ውስጥ ነበር፤ አሁን በር አገኘ።

ቺሊ ውስጥ የተደረገ ጥናት ደግሞ የባሰውን አሳይቷል፦ ለባክቴሪያው የተከተቡ ሳልመኖች ቅማል ሲጨመርባቸው ክትባቱ ሳይጠብቃቸው ቀረ። የእኛው የዓባይ ቆሮሶም ላይ ተሞክሯል። በቆዳው ላይ ጥገኛ ትል የያዘው ቆሮሶ ባክቴሪያ ሲጨመርበት፣ ባክቴሪያው ብቻ ከነካው በብዙ እጥፍ ይሞታል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን አድገናል። ጉዳትም እንደሚያብር ግን ማንም አልነገረን።

እንግዲህ አሣውን ማን ገደለው? ሬሳውን የሚመረምር ሰው ባክቴሪያውን ያገኛል፤ መጨረሻ የነካው እሱ ነዋ። በሩን የከፈተው ግን ቅማሉ ነው። ቅማሉ እንዲህ እንዲራባ ያደረገው ደግሞ አሣውን ያጨቀው ሰው ነው። መድኃኒት የተባለው እንኳ ከደሙ ንጹሕ አይደለም፦ ቅማሉን ለማራገፍ አሣውን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ሲነክሩት አሣው እየተላተመ ሌላ ቁስል ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በኖርዌይ የባሕር እርባታዎች ከ60 ሚሊዮን በላይ ሳልመን በልዩ ልዩ ምክንያት ሞቷል።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት ስለ አሣ ተጨንቄ እንዳይመስላችሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት በነበርኩበት መሥሪያ ቤት የክፍያ ኮድ እጽፍ ነበር። አንድ ክፍያ ሁለቴ እንዳይቆረጥ የሚጠብቅ ማረጋገጫ ነበረው። ለፍተሻ ብዬ አጠፋሁትና ሳላበራው ቀረሁ። ትዝ ይለኝ ነበር፤ «ነገ» እያልኩ አሳደርኩት። ለወራት ምንም አልሆነም። አንድ ዓርብ ማታ ባልደረባዬ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ክፍያውን ደግሞ የሚሞክር ኮድ ለቀቀ። የእሱ ኮድ ብቻውን ደህና ነው። የእኔም ጥፋት ብቻውን ማንንም አልነካም። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ከሰው ሒሳብ ላይ ሁለት ሦስቴ ተቆረጠ።

መዝገቡ ላይ የመጨረሻው ስም የእሱ ነበር። በወሩ ተሰናበተ።

እኔ ስብሰባው ላይ «ችግሩ የአሠራራችን ነው» አልኩ። በእኛ ሙያ ይህ ጥሩ አባባል ነው፤ ሰው ላይ ጣት ከመቀሰር መረቡን ማስተካከል ይሻላል። ውሸትም አልነበረም፤ ለቀቃውን የሚፈትሽ ሰው አልነበረንም። ግን ያንን እውነት የተናገርኩት ሌላውን እውነት ለመሸፈን ነው። ጥፋት ለብዙዎች ሲከፋፈል የእያንዳንዱ ድርሻ የሚቀንስ ይመስለናል። የአሣው ነገር ግን እንደዚያ አይልም፦ ቅማሉ ባይኖር ብዙዎቹ ይተርፉ ነበር፤ ባክቴሪያው ባይኖርም ይተርፉ ነበር። እያንዳንዱ የያዘው ሙሉውን ልዩነት ነው። ቅማል ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። እኔ ግን አውቅ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩለት። ሁሉንም ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ያኔ ብትናገር ምን ነበረበት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ለቀድሞ አለቃችንም የሆነውን እንዳለ ጽፌያለሁ። እስካሁን አልመለሰልኝም።