የ17 ቁጥር ብድር

ባሕር ዳር የፋብሪካ ከተማ የሆነችው በአጭር ጊዜ ነው። በ1953 ዓ.ም. ከኢጣልያ በተገኘ የጦር ካሳ ጨርቃ ጨርቁ ተቋቋመ፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒኩ ተከፈተ፤ በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዐባይ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ማሽኑ፣ ባለሙያውና መብራቱ ተከታትለው መጡ። መለዋወጫው ግን ከባሕር ማዶ ነበር የሚጠበቀው፤ ይህ ምሳሌም የሚነሣው ከዚያ ነው።

በጣና ዳር፣ ስሙን በማንጠራው አንድ ሽመና ፋብሪካ፣ ሁለት የጥገና ሰዎች ነበሩ ይባላል። አንዱ በዘይት የተጠመቀ ቱታ ከላያቸው የማይጠፋ ሽማግሌ መካኒክ፣ ሌላው ከአዲስ አበባ የተመደበ ወጣት ኢንጂነር።

አንድ ቀን 17 ቁጥር ማሽን ቆመ። ጥፋቱ የኩሽኔታ ነው። የጥጥ ብናኝ ግራሱን መጥጦ ያደርቀዋል፤ የደረቀ ኩሽኔታ ይግላል፣ ይጮኻል፣ በመጨረሻም ይነክሳል። መካኒኩ ጩኸቱን ቀድመው ሰምተው አመልክተው ነበር፤ ምርት ክፍል ግን ማሽኑን ለግማሽ ቀን ማቆም አልፈቀደም። (ግማሽ ቀን ነፍጎ ዓመታት መክፈል የፋብሪካ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሒሳብ ነው።) ኩሽኔታው ታዘዘ፤ ትእዛዙም የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ያዘ።

ብዙም ሳይቆይ የ9 ቁጥር ቺንጋ ተበጠሰ። ኢንጂነሩ ከ17 ቁጥር ላይ ፈታና አሰረለት። ፈረቃው ሳያልቅ 9 ቁጥር ተነሣ፤ ሥራ አስኪያጁም በስብሰባ ላይ አመሰገኑት። መካኒኩ ግን ካርቶን ቀድደው፣ “አንድ ቺንጋ፣ ለ9 ቁጥር የተበደረ” ብለው ጻፉና 17 ቁጥር ላይ አንጠለጠሉ።

“ጋሼ፣ ብረት ደግሞ ያበድራል እንዴ?”

“የማይጠይቅ አበዳሪ ነው፣ ልጄ። ለዚህ ነው የምጽፍለት።”

ከቺንጋው በኋላ ፍሬኑ ሄደ፤ ከዚያ የመወርወሪያው ሳጥን፣ ከዚያ ሞተሩ። ካርቶኑም በዚያው ልክ በዛ። ከሚኒስቴር እንግዳ ሊመጣ ነው በተባለ ዋዜማ፣ ገጽታ ያበላሻል ተብሎ ሁሉም ተነቀለ።

አንድ እሑድ ሁለቱ በሐይቁ ዳር ሲያልፉ የነገደ ወይጦ አዛውንት ታንኳ ሲሠሩ አገኙ። ደንገሉ በእቅፍ በእቅፍ ይጠፈራል። ጥቂት ቀርቶት ደንገሉ አለቀ። አጠገባቸው ግን ሌላ ታንኳ ከውሃ ወጥቶ ተጋድሟል።

“አባቴ፣ ከዚያኛው ለምን አይመዙም? ሥራ ፈትቶ ተኝቷል” አለ ኢንጂነሩ።

አዛውንቱ ቀና ብለው አዩት። “የሞተ መሰለህ? ውሃ ጠጥቶ ከብዶ ነው ፀሐይ የሚሞቀው። ሲደርቅ ዓሣ አጠምድበታለሁ።” ልጃቸውን ደንገል እንዲያጭድ ላኩትና እጃቸውን ታጥበው ጥላ ሥር ተቀመጡ።

ኢንጂነሩ መንገድ ላይ ሳቀ። “ደንገል ዳር ላይ ይበቅላል፤ ኩሽኔታ አይበቅልም።”

“አይበቅልም” አሉ መካኒኩ፤ “ስለማይበቅልም ነው መጻፍ ያለበት።”

ወጣቱ በዚህ እውነት ነበረው። ዶላር በሌለበት ዘመን ከቆመው ሳይነቅል ፋብሪካ ያዞረ ጥገና ክፍል አላውቅም፤ መበደሩን የምነቅፍ ሰው እኔ አይደለሁም። የካርቶኖቹ መነቀል ነው የሚከነክነኝ።

መካኒኩ ጡረታ ወጡ። ወጣቱም የጥገና ኃላፊ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ያ ኩሽኔታ በሰም ወረቀት እንደተጠቀለለ፣ ማኅተሙ ሳይነካ ደረሰ። ኃላፊው ራሱ ንብረት ክፍል ወረደ። የግምጃ ቤቷ ሠራተኛ ሞዴል 22 አውጥታ፣ “ለየትኛው ማሽን ልበል?” አለችው።

“ለ17 ቁጥር።”

“17 ቁጥር ከመዝገብ ወጥቷል፣ ኢንጂነር። አምና በቁራጭ ብረት ሲሸጥ የፈረሙት እርስዎ ነዎት።”

ጥቂት አሰበና፣ “እንግዲያው 9 ቁጥር ብለሽ ጻፊው” አላት።

“የ9 ቁጥር ኩሽኔታ ደህና ነው” አለች፤ “እሱ የቆመው በቺንጋ ነው።”